የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው በቤቱ እንዴት ሊጠበቅ ይገባዋል

ሕመምተኛ ከሆስፒታል ተሰናብቶ ወደ ቤቱ በሚገባበት ቀን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስታመሙ ሥራ ከሐኪሙ እጅ ወደ ቤተ ሰቡ እጅ መተላለፉን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን ከሚጎዱት ጽኑ ሕመሞች አንዱ በሆነው በቁርጥማት የልብ ሕመም ተይዞ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው በቤቱ እንዴት ሊጠበቅ እንደሚገባው እንገልጻለን።

ይህ ሕመም የሚነሣው ከልብ ሳይሆን ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ረቂቅ ተሕዋስ የልጅን ጉሮሮ ያቆስላል፤ ቁስሉም በጊዜው ካልታከመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሊከተል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። ቁርጥማቱ ራሱ ያልፋል፤ ነገር ግን በልብ ውስጥ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚከፈቱትንና የሚዘጉትን በሮች፥ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸውን፥ አበላሽቶ ሊሄድ ይችላል። ሕመሙ እየተመላለሰ በሮቹን ሲያጠብ ወይም ሲያሳሳ ከቆየ በኋላ፥ ልጁ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ ሌሊት ተጋድሞ መተንፈስ ይሳነዋል፤ እግሩም ያብጣል።

የተበላሸውን በር በሰው ጥበብ በተሠራ በር መለወጥ የተቻለው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ጆን ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው በሚተካ መኪና እየተረዳ ልብን ከፍቶ ለመጠገን በቃ። በ1960ም አልበርት ስታር የተባለው ሐኪም ከመሐንዲሱ ከሎዌል ኤድዋርድስ ጋር ያዘጋጀውን ሰው ሠራሽ በር በሰው ልብ ውስጥ ተከለ። በእኛም አገር በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት ብዙ ከተደከመበት በኋላ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ። ይህን ያህል ዘመንና ድካም የፈጀው በር በሰው ደረት ውስጥ ሠርቶ እንዲኖር የሚያደርገው ግን በቤት ውስጥ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው።

መጀመሪያ ስለ ደረቱ አጥንት እንናገር። ልብ ሲከፈት የደረቱ አጥንት በመካከሉ ተሰንጥቆ በሽቦ ይታሰራል። አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ሕመምተኛው ከ5 ኪሎ የሚበልጥ ነገር አያንሣ፤ ልጅም ቢሆን አይቀፍ፤ ከመኝታውም ሲነሣ በእግሩ ኀይል ይነሣ እንጂ በክንዱ ተገፍቶ አይነሣ። ሲያስለው ትራስ በደረቱ ላይ ይዞ ቢያስል ሥቃዩ ይቀልለታል። ሊያነሡት የሚሹ ሰዎችም እጁን አይጐትቱት።

እዚህ ላይ ስለ ጠያቂ መናገር ያስፈልጋል። የታመመ መጠየቅ ከመልካም ልማዶቻችን አንዱ ነው። ነገር ግን ጨዋ ሰው ሽማግሌ በገባ ቍጥር «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው መነሣትን ስለ ለመደ፥ ሕመምተኛው በቀን ሃያ ጊዜ በሁለት እጁ ተደግፎ ይነሣል፤ ይህም ያልገጠመውን አጥንት ይነቀንቀዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ወይም ባለቤቲቱ በበሩ ላይ ቆመው «ሐኪም ከልክሎታልና እንዳይነሣ ይፍቀዱለት» ቢሉ ነውር የለበትም። ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ሰላምታ መስጠትም ለጊዜው ይቅር። ጕንፋን የያዘው ጠያቂ እስኪሻለው ድረስ ሰላምታውን በሰው ቢልክ ይሻላል። የከሰልና የዕጣን ጢስም ከመኝታ ቤት ይራቅ።

ሁለተኛው ነገር ምግብ ነው። ጨው በሰውነት ውስጥ ውሃ ያቍራል፤ ውሃውም የልብን ሸክም ያከብዳል። በእኛ ቤት ጨው የሚጨመረው በወጥ ላይ ብቻ አይደለም፤ በርበሬውና ሽሮውም ገና ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል። ስለዚህ የቤት እመቤት ለሕመምተኛው ጨው ያልገባበት በርበሬና ሽሮ ለብቻው ብታስፈጭ መልካም ነው። ሕመምተኛውም በየማለዳው ሽንቱን ከሸና በኋላ፥ ምግብ ሳይቀምስ ይመዘን፤ ክብደቱ በሳምንት ውስጥ 2 ኪሎ ያህል ከጨመረ ስብ ሳይሆን ውሃ ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ይነገር።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚጠነቀቁለት ነገር ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው መድኃኒት ነው። ከብረታ ብረትና ከካርቦን የተሠራ በር ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ነገር ግን ደም በላዩ ላይ ሊረጋ ስለሚችል ዋርፋሪን የሚባለው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ከእንስሳ አካል የተዘጋጀው በር አብዛኛውን ጊዜ ይህን መድኃኒት ለዘወትር አይፈልግም፤ ሆኖም በወጣቶች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ሌላ ቀዶ ጥገና ያስከትላል። የዋርፋሪን አመጣጥ የሚያስገርም ነው። በሰሜን አሜሪካ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ይሞቱ ነበር። የዊስኮንሲኑ ሊቅ ካርል ሊንክና ረዳቶቹ ምክንያቱን ከድርቆሹ ውስጥ አወጡ፤ ከዚያም የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት ተሸጠ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ከዚህ የምንረዳው መድኃኒትና መርዝ የሚለያዩት በልክ መሆኑን ነው።

ልኩም የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ሰው ሠራሹ በር በግራው የልብ ክፍል መግቢያ ላይ የተተከለለት ሰው ቍጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ብዙ ጊዜ ይፈለጋል። ከዚያ ሲያንስ ደም በበሩ ላይ ይረጋል፤ ሲበዛ ደግሞ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ በየማታው በአንድ ሰዓት ይዋጥ። የተረሳ እንደሆነ በዚያው ቀን ሲታወስ ይዋጥ፤ ቀኑ ካለፈ ግን በማግሥቱ እጥፍ አድርጎ መዋጥ ክልክል ነው። የተዋጠው ልክና የምርመራው ቍጥር ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። ለዚህም ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው ይመደብ፤ የሁሉም ሥራ የሆነ ነገር የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራልና።

«ጎመን በጤና» የሚለው ተረት ለዚህ ሕመምተኛ ልዩ ትርጕም አለው። ጎመን፥ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ የሚባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ስለሚይዙ የዋርፋሪንን ኀይል ያደክማሉ። ይህ ማለት ጎመን አይበላ ማለት አይደለም፤ የሚበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ ማለት ነው። አደጋው የሚመጣው ሰው በፍስክ ወራት ሥጋና ዕንቍላል ሲበላ ከርሞ፥ 55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ሲገባ በድንገት ዕለት ዕለት ጎመን መብላት ሲጀምር ነው። ስለ ጾሙ ከነፍስ አባት ጋር መመካከር ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ለድውይ ትራራለችና። የሚጾምም ቢሆን ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ደሙን ያስመርምር። ጠጅና አረቄ ማብዛትም ልኩን ያዛባል። ለራስ ምታት ተብሎ አስፕሪን ወይም ዳይክሎፌናክ፥ ለሌላም ሕመም የባሕል መድኃኒት ሐኪሙ ሳያውቅ አይወሰድ።

የጉሮሮው ሕመም እንዳይመለስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ከቀዶ ጥገናው በኋላም አይቋረጥም። ደም አቅጣኝ በሚወስድ ሰው ላይ መርፌው ጡንቻውን ሊያደማው ስለሚችል፥ በመርፌ ይሁን ወይም በሚዋጥ ክኒን ሐኪሙ ይወስናል። ጥርስ ከመነቀሉም በፊት ሕመምተኛው ሰው ሠራሽ በር እንዳለው ለጥርስ ሐኪሙ ይናገር፤ ተሕዋስያን ከድድ በደም ተጕዘው በበሩ ላይ እንዳይሰፍሩ አስቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒት አለና።

ቤተ ሰቡ ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ሊወስደው የሚገባበትን ምልክት ሁሉ በቃሉ ይያዝ፤ ይኸውም፦ ቁስሉ ሲቀላ ወይም መግል ሲያወጣ፤ የደረቱ አጥንት ሲነቃነቅ፤ ትኩሳት ሳይለቅ ሲቀር፤ ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቍር ወይም ሽንቱ ደም ሲመስል፤ ራሱን ተመትቶ ብርቱ ራስ ምታት ሲይዘው፤ አፉ ሲጣመም፥ አንደበቱ ሲተሳሰር ወይም አንድ ወገኑ ሲዝል፤ ትንፋሹ በድንገት ሲያጥር ነው። ሰው ሠራሹ በር ሲዘጋ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ይህ ድምፅ በመጀመሪያው ሰሞን ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ በሩ መሥራቱን የሚመሰክር ነውና ሕመምተኛው አይፍራው። ድምፁ የታፈነ ወይም የጠፋ እንደሆነ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

ከትልቅ ቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይተክዛል፤ ያለቅሳል፤ ይቈጣል። ይህን እንደ ምስጋና ቢስነት ቈጥሮ መገሠጽ አይገባም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ቢራመድ፥ ቀላል ሥራም ቢሰጠው ይጽናናል። ሐዘኑ ከሳምንታት በላይ ከጸና ግን ለሐኪም ይነገር።

ስለ ወጣት ሴቶች ደግሞ ለብቻው መናገር ግድ ነው። ዋርፋሪን በማኅፀን ያለውን ፅንስ፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ወራት፥ ሊጎዳ ይችላል፤ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ መተው ደግሞ እናቲቱን ይገድላል። ስለዚህ እርግዝና ከመታሰቡ አስቀድሞ ባልና ሚስት አብረው ወደ ሐኪም ይሂዱ። «ልጅ መቼ ትወልጃለሽ» እያሉ የሚያስጨንቁ አማቶችና ዘመዶችም በልጅቱ ሕይወት ላይ እንደሚፈርዱ ይወቁት። ባል ሚስቱን ከዚህ ጥያቄ መከላከል ግዴታው ነው።

በመጨረሻም፥ ሕመምተኛው ባለበት ቤት ሌሎች ልጆች ይኖራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ ትኩሳት የያዘው እንደሆነ በቸልታ ሳይታለፍ በቶሎ ይታከም። ለአንድ የጉሮሮ ቁስል የሚበቃው ፔኒሲሊን ዋጋው ጥቂት ነው፤ ሳይሰጥ ሲቀር የሚያስከትለውን ግን ደረቱ የተሰነጠቀለት ወንድሙ በዚያው ቤት ተኝቶ ያስረዳል።