ሌሊት የሚጮኸው ሞተር ሳይክል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው የፍልሰታ ሱባኤ በገዳማችን የሰነበታችሁ ምእመናን ያንን ጩኸት አትረሱትም። አባቶች ለሰዓታት በቆሙበት ሌሊት፣ በዕቃ ቤቱ ጥግ የቆመው ሞተር ሳይክል ማንም ሳይነካው ይጮኽ ነበር። ነጎድጓድ ሲሰማ ይጮኻል፤ አህያ ሲታከከው ይጮኻል። በዕርገቷ በዓል ዕለት እንኳ ከበሮው ሲመታ አብሮ ጮኾ ሕፃናቱን አሳቀ፣ መሪጌታን አስቆጣ።

ሞተር ሳይክሉ ስለት ነው። በጅዳ ከተማ፣ በሸረፊያ ሠፈር የሚኖሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር በየቤታቸው እየጸለዩ ከደመወዛቸው ቆጥበው በላኩት ገንዘብ ተገዛ። የስለቱም ምክንያት ግልጽ ነበር፤ በጠበሉ ሥፍራ ሕመም የጸናበትን ሰው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ነው። ገንዘቡ ለአዲስ ስላልበቃ ያገለገለ ገዛን። ሻጩ አላርም የተገጠመለት መሆኑን እንደ ምርቃት አድርጎ ነገረን፤ ሪሞቱ ግን ጠፍቷል አለ። ሪሞት የሌለው አላርም ባለቤቱን ከሌባ እንደማይለይ ያን ጊዜ አላስተዋልንም።

ጩኸቱን ብቻ ቢሆን እንደ ፈተና ቆጥረን በታገሥነው። በሱባኤው ሁለተኛ ሳምንት ግን አንዲት እናት ሌሊት አስም ተነሥቶባቸው ትንፋሽ አጠራቸው። ዲያቆኑ ይዟቸው ሲወርድ፣ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በድንገት ጠፋ፤ ወዲያውም መጮኽ ጀመረ። ቢመታም ቢገፋም አልነሣ አለ። የቀረውን መንገድ ምእመናን በቃሬዛ ተሸከሟቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደርሰው ተርፈዋል።

በማግሥቱ በማኅበር ስንመክር «ሽቦውን በጥሱት» ያሉ ነበሩ። መጋቢው ግን ከለከሉ። የስለት ንብረት ነውና ሰጪዎቹ ሳያውቁ አንዳች ነገር ሊነሣለት አይገባም አሉ፤ ለጥበቃ እንዲሆነው ብለው አላርም በመኖሩ ደስ ብሏቸው ነበርና። ወደ ሸረፊያ ስልክ ተደወለ። ስለቱን ያሰባሰበችው እኅታችን «አባቴ፣ እኛ የላክነው ለታማሚ ነው። ታማሚውን ካስቀረ ይውጣ፤ እንዳይሰረቅብን ብቻ አደራ» አለች።

ከዚያ አስቀድሞ ሌላ ነገር ማጣራት ግድ ነበር። ሪሞቱ የጠፋ ሞተር ሳይክል የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች በአካሉ ላይ ከተመቱት ጋር ተመሳከሩ። ተስማሙ። (ሲገዛ መደረግ የነበረበት ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።)

ሥራውን የሠራልን በወረዳው ከተማ የሚኖር የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ሙያውን የተማረው እዚያው ጅዳ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን አንዱ ነው። ሸረፊያ ሲባል ፊቱ በራ፤ ዋጋም አልተቀበለንም።

በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ። «አባ፣ አንዳንዱ የራሱ ባትሪ አለው፤ ኃይል ሲቋረጥበት ይጮኻልና አይደንግጡ» አለኝ። የእኛው ዝም አለ። በመቀመጫው ሥር የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሣጥን ተገኘች። በውስጧ ንዝረት የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ነጎድጓዱንም ከበሮውንም ሌባ ያስመሰለው እርሱ ነው። ሌት ተቀን ከ12 ቮልቱ ባትሪ ጥቂት በጥቂት ስለምትስብ ባትሪው ደክሞ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ አላርሙ ያለ ምክንያት መጮኹ ይብሳል።

ዋናው ነገር ከቁልፉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ሽቦ ነበር። አላርሙን የገጠመው ሰው ይህን ሽቦ ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች በሣጥኗ በኩል አሳልፏቸዋል፤ ሣጥኗ ካልፈቀደች ሞተሩ አይነሣም። ያን ሌሊት በመንገዱ ንዝረት የላላው መጋጠሚያ ተላቆ ነው ያጠፋው። እንደ ተመከረው ሣጥኗን በጥሰን ጥለናት ቢሆን ኖሮ፣ ሽቦው እንደ ተቆረጠ ቀርቶ ሞተር ሳይክሉ ጨርሶ አይሠራም ነበር። ባለሙያው ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ በካውያ በየደ፣ በናስትሮ ጠቀለለ፤ ወደ ፍሬቻዎቹ የተቀጠሉትንም ሽቦዎች አንድ በአንድ አላቀቀ። ባትሪውን መልሶ ሲያስር በአንድ ምት ተነሣ። የፊት መብራት፣ ፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ ሁሉ ተፈተሸ፤ በዚያው ቁልቁለት ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት።

ለአደራው ወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር ተገዝቶ ሞተር ሳይክሉ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ካለው ምሰሶ ጋር ታስሮ ያድራል። የወጣችው ሣጥን ፎቶግራፍ ወደ ሸረፊያ ተልኳል፤ ሣጥኗም በገዳሙ የንብረት መዝገብ ተጽፋ ተቀምጣለች። ቁልፎቹ በመጋቢው ዘንድ ናቸው። ሌሊት ሕመምተኛ የያዛችሁ ምእመናን ከዕቃ ቤቱ ቀጥሎ ያለውን በር አንኳኩ።