ከመካነ ሰላም ማዶ ጎጃም ይታያል፤ መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው

የኖርዌይን ፊዮርድ በስልካችሁ ሳታዩ አትቀሩም፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ መሃሉ ሰማያዊ ውሃ። ፎቶውን ለቦረና ወይም ለሳይንት ሰው ብታሳዩት "ይሄማ የኛው ገደል ነው፣ ውሃ ሞላው እንጂ" ቢላችሁ አይፈረድበትም።

ቆፋሪያቸው ግን ይለያያል። ፊዮርድን የቆፈረው የበረዶ ግግር ነው። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ገባበት። ሶኝ የተባለው ትልቁ ፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጥልቀቱም እስከ 1,300 ሜትር ይደርሳል። የኛን የቆፈረው ወንዝ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ተደራርቦ ደጋውን ሠራ። መሬቱ ከፍ ሲል ደግሞ ዓባይና ገባሮቹ እየሰረሰሩ ወረዱ። አሁንም አላቆሙም፤ ክረምት ላይ ዓባይ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ነች። ወረዳውን በምዕራብ በኩል ከጎጃም የሚለየው ዓባይ ነው። ከሳይንት ወደ ሰሜን ደግሞ በሽሎ አለ። ከደጋው ጫፍ እስከ ዓባይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጠዋት ጋቢ ለብሶ ከገብስ ማሳ የተነሳ ሰው ታች ማሽላው ጋ ሲደርስ ጋቢውን ተሸክሞት ነው። ከዚያ ደግሞ ማዶው ዳገት አለ!

ትልቁ ልዩነት ግን እዚህ ላይ ነው። ኖርዌጂያኖች ውሃው መንገዳቸው ነው፤ ሰውም መኪናም በጀልባ ይሻገራል። እኛ ጋ ውሃው ታች ገደል ውስጥ ነው፣ ያውም የሚያጣድፍ። ድልድይ በሌለበት ክረምት ሲገባ የማዶው ገበያ፣ የማዶው ዘመድ እያዩት ይርቃል። ምጥ ለያዛት እናትማ አስቡት።

አፄ ቴዎድሮስም ይህን መሬት ቀምሰውታል። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ እያስጠረጉ የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣት ነበረባቸው። ጉዞው ወራት ፈጀ፤ መድፉ መቅደላ የደረሰው በ1860 ዓ.ም. ነው።

እና ጉግል ማፕ ላይ ቦረናና ጎጃም ተጠጋግተው ብታዩ አትቸኩሉ። ቀጥታው መስመር የሚያገለግለው ለአሞራ ነው። እናንተ መጀመሪያ ድልድዩ የት እንዳለ ፈልጉ።