ለጨዋታችን የትኛውን አውሬ እንምረጥ?

ዛሬ ላስረዳችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ኳስ አይደለም፣ ገመድ ዝላይም አይደለም። ክብ ሠርቶ ቁጭ ብሎ በአፍ የሚጫወቱት ነው።

አንድ ልጅ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ ደግሞ ተረቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይሆናሉ፤ አንዱ ፈረሰኛ፣ አንዷ መድኃኒት አዋቂ፣ አንዱ እረኛ። ተራኪው «ዘንገና ሐይቅ ዳር ጫካው ውስጥ ገብታችኋል፤ መሸ፤ የሆነ ነገር ኮሽ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ የሚለየው በሉዶ ዳይስ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ጨዋታ በመጽሐፍ አሳትመው ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር 1974 ነው፤ ስሙም ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ለእኔ የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። መጽሐፉ ስለሌለን ሕጉን ራሳችን አቅልለን ሠራነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 3 ጉልበት አለው። ዳይስ ወርውሮ 4፣ 5 ወይም 6 ካመጣ አውሬውን መታ ማለት ነው፤ አውሬው 1 ጉልበት ይቀነስበታል። አውሬውም በተራው እንደዚሁ ይወረውራል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ። የመጀመሪያ ቀን ተራኪው እኔ ነበርኩ። ተጫዋቾቹ አራት ሲሆኑ አንዷ የ4ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። እኔ ጎበዝ ለመባል ብዬ 20 ጉልበት ያለው፣ በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ የሚመታ ዘንዶ አመጣሁ። ሁሉንም ፈጀኋቸው! መጀመሪያ የሞተችው ትንሿ ልጅ ናት። እኔ ሳቅሁ፣ እሷ ግን እያለቀሰች ሄደች፤ በማግሥቱም አልመጣችም። ወንድሜ «ተራኪ ማለት እኮ ጠላት አይደለም» አለኝ። ያኔ ደብተር አውጥቼ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ዳይስ ስድስት ፊት አለው፣ የሚመታው በሦስቱ ነው። ስለዚህ ከሁለት ውርወራ አንዱ ይመታል ማለት ነው። አራት ልጆች በአንድ ዙር በአማካይ 2 ጊዜ ይመታሉ። 20 ጉልበት ለመጨረስ 10 ዙር ይፈጃል። ዘንዶው ግን በዙር በአማካይ አንድ ተኩል ይመታል፤ በ10 ዙር 15 ይሆናል። የአራቱ ልጆች ጉልበት ተደምሮ 12 ብቻ ነው! ሳይጀመር የተሸነፉ ነበሩ። ዘንዶው 10 ጉልበት ኖሮት በዙር ሁለት ጊዜ ቢወረውር ኖሮ በ5 ዙር ይሞት ነበር፤ ልጆቹም 5 ያህል ይጎድልባቸው ነበር። ይደክማሉ ግን ያሸንፋሉ።

ከዚያ ደግሞ በጣም አቀለልኩት። 6 ጉልበት ያለው አንድ ጅብ ብቻ አመጣሁ። በሦስት ዙር አለቀ፤ ሁሉም «በቃ?» አሉ። ለካስ አንድ አውሬ ለአራት ሰው ሲሆን ይከበባል። ስለዚህ አራት ጅቦች አደረግኳቸው፣ እያንዳንዳቸው 2 ጉልበት። ሁሉም ልጆች አንዱን ጅብ ብቻ ለይተው ከመቱ በየዙሩ አንድ ጅብ ይወድቃል፣ ንክሻውም እየቀነሰ ይሄዳል። እያንዳንዱ የራሱን ጅብ ከመታ ግን አራቱም ቆመው ይነክሳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት መሆኑን በዳይስ አየነው።

ግን ቁጥር ብቻ አይበቃም። አውሬው ጠባይ ያስፈልገዋል። ከ1900 ዓመት በፊት የኖረ ፕሊኒ የሚባል የሮም ጸሐፊ፣ በኢትዮጵያ የሰው ድምፅ የሚያስመስል ፈጣን አውሬ አለ ብሎ ጽፏል። ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው። የጨዋታው ሰዎችም ይህን አውሬ ወስደው በ1977 ባወጡት የአውሬዎች መጽሐፍ ውስጥ አስገቡት። እነሱ ከእኛ አገር አውሬ ከወሰዱ እኛ ለምን ከሩቅ እናመጣለን? አያቴ ማታ ማታ በአዊኛ የምትነግረን ተረት ውስጥ ስንት አለ! ጭራቅ አለ፣ ምንጭ የሚጠብቅ ዘንዶ አለ፣ ኃይለኛ ግን ሞኝ የሆነው አያ ጅቦ አለ።

ስለዚህ በሰው ድምፅ የሚጣራ ጅብ ሠራሁ። ትንሿን ልጅም ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ አመጣኋት። ጅቡ ከአጥር ውጭ ሆኖ «ልጆቼ፣ አያታችሁ ነኝ፤ በሩን ክፈቱልኝ» አለ። ትልልቆቹ ዳይሱን አነሡ። እሷ ግን «አያቴ ከሆንሽ እኔን በቤት ስም ምን ብለሽ ነው የምትጠሪኝ?» አለች። ጅቡ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም! ጅቡ አፍሮ ሄደ፤ ዳይስ አንድ ጊዜም አልተወረወረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀርታ አታውቅም።

ተራኪ መሆን የምትፈልጉ እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ፦

1ኛ. ተጫዋቾቹ ስንት ናቸው? ጉልበታቸው ሲደመርስ ስንት ነው?
2ኛ. አውሬው በአንድ ዙር ስንት ጊዜ ይመታል?
3ኛ. አውሬው ምን ይፈልጋል? ምግብ፣ ውኃ ወይስ ልጆቹን?
4ኛ. ደካማው ተጫዋች አስቦ ሊያገኘው የሚችል ድክመት አለው?

አራተኛውን አትርሱ። ጥሩ አውሬ ማለት ለመሸነፍ የሚያስቸግር እንጂ የማይሸነፍ አይደለም።

መጫወት የምትፈልጉ በእረፍት ሰዓት ወደ ሚኒ ሚዲያ ክበባችን ኑ። ዳይስ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የእኛ አንዷ ብቻ ናት፣ ነጥቧም እየጠፋ ነው። መምህራንም ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ለእናንተ ግን ጅቦቹን ስድስት እናደርጋቸዋለን። ቸር እንሰንብት!