«ማለት ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ አረጋዊ ላማቸው ታመመችባቸው እንበል። ከመንደራቸው ተነሥተው ያቤሎ ከተማ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ መጡ። ሐኪሙ ወጣት ነው።

«ላሚቱ ምን ሆነችብዎት አባባ?»

«እንግዲህ ልጄ፣ ያው ላሚቱ እንትን ሆነች ማለት ነው።»

«ምን ሆነች?»

«ያው እንትን ነዋ! በቃ እንደ ድሮዋ አይደለችም ማለት ነው።»

አረጋዊው ብዙ ቃል ተናገሩ። ሐኪሙ እጅ ግን ምንም አልገባም። ላሚቱ ለሃጯ እየተዝረበረበ የምታነክስ ከሆነ አፍተግር ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። የምታስልና ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ደግሞ ሳንባዋን ይመረምራል። ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም፤ የሚደረግላቸውም አንድ አይደለም። «እንትን ሆነች» የሚባል ምልክት ግን የየትኛውም በሽታ ምልክት አይደለም።

ይህ የአረጋዊው ብቻ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። እኛም ይህን የምንጽፈው ሰዎች ስንናገር «እንትን» እንላለን፤ «ያው» እንላለን፤ «ምናምን» እንላለን። ነገሩ ከየት ይመጣል? ምላስ ይሮጣል፣ አሳብ ደግሞ ስሙን ገና ይፈልጋል። ዝም ካልን ሌላው ተናጋሪ አፋችንን ይነጥቀናል ብለን እንፈራለን። ስለዚህ ክፍተቱን «እ...» ብለን እንሞላዋለን። በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። የጃፓን ሰው ቃል ሲጠፋበት «አኖ» ይላል። የቱርክ ሰው «ሼይ» ይላል፤ ትርጉሙ «ነገር» ነው። የኛ «እንትን» ወንድም መሆኑ ነው። እንግዲህ «እ...» ያለ ሁሉ መሃይም ነው ማለት አይቻልም።

ደግሞም በሁለተኛ ቋንቋው የሚናገር ሰው «እ...» ቢያበዛ አይሳቅበትም። አንድ የቦረና አርብቶ አደር በኦሮምኛ ሲያወራ ቃሉ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ከአዲስ አበባ ለመጣ ነጋዴ በአማርኛ ዋጋ ሲነግረው ግን ይንተባተብ ይሆናል። አማርኛ አፉን የፈታውም ያቤሎ ቢሮ ገብቶ በኦሮምኛ ሲጠየቅ እንዲሁ ይሆናል። የሁለቱም ችግር የቃል ፍለጋ ነው።

አሁን ወደ «ማለት ነው» እንመለስ። ይህ ቃል የራሱ ሥራ አለው። «ኤላ ማለት የውኃ ጉድጓድ ማለት ነው» ስንል ያልታወቀውን ቃል ፈታንለት። ሥራውን ሠራ። «ዛሬ ጠዋት ተነሣሁ ማለት ነው፤ ከብቶቹን አወጣሁ ማለት ነው» ስንልስ? መነሣትና ከብት ማውጣት ምን ትርጉም ይፈልጋል? በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ግሡ ከወጣ በኋላ የምንለው ሳይኖረን ቦታውን ላለመልቀቅ «ማለት ነው»ን እንደ ካስማ እንተክላለን። በኦሮምኛም ትርጉሙ አንድ የሆነ «ጄቹዳ» አለ፤ እሱንም እንዲሁ ያለ ቦታው ሲተክሉት እንሰማለን።

ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ያውቃል። ጋዜጠኛው ይጠይቃል፣ ተጠያቂው «እንግዲህ እንደሚታወቀው...» ብሎ ይጀምራል። ከታወቀ ታዲያ ለምን ይነገራል? ቀጥሎ «ከውኃ አንፃር ሥራዎች በመሠራት ላይ ይገኛሉ» ይላል። ስንት ኩሬ? የት ቀበሌ? መቼ ያልቃል? አልተነገረም። በእኛ አስተያየት ይህ ከአረጋዊው «እንትን» የባሰ ነው። አረጋዊው ቃል ጠፍቶባቸው ነው። ይኸኛው ግን አንዳንድ ጊዜ መልስ ላለመስጠት ሆን ተብሎ የሚነገር ነው። በስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ንግግር ስንሰማ እጅ አውጥቶ «ቁጥሩን ይንገሩን» ማለት ነውር የለበትም።

ለተናጋሪው ግን እኛም ቁጥር መስጠት አለብን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ጋናውም ሃጋያውም በተከታታይ 5 ወቅት ሳይዘንብ ቀረ። ብዙ ከብት አለቀ። ጋዜጠኞች መጡ፣ መዝጋቢዎችም መጡ። እንዲህ ባለው ጊዜ «ያው ከብቱ አለቀ ማለት ነው» የሚል ሰው አለ። «40 ነበሩኝ፤ 3 ቀሩኝ» የሚል ሰውም አለ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። መዝጋቢው በመዝገቡ ላይ ሊያሰፍር የሚችለው ግን የሁለተኛውን ነው። በሩቅ ሆኖ የሚሰማውም ሰው ያን 3 አይረሳውም።

እንዲህ ስንል የተደጋገመ ቃል ሁሉ ይወገድ ማለታችን አይደለም። በዱብሉቅ የቱላ ጉድጓድ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ባልዲ ሲቀባበሉ እየዘፈኑ ነው። ያው ዜማ ይደጋገማል፤ እጃቸው የሚገጥመው በሱ ነው። ሰላምታ ስንለዋወጥም ስለ ቤቱ ነጋ፣ ስለ ልጆቹ ነጋ፣ ስለ ከብቱ ነጋ እያልን እንደጋግማለን። ይህ ባዶ ቃል አይደለም። የሚያዳምጥ ሰው በመሃል «እህ» ሲልም እየሰማሁ ነኝ ማለቱ ነው፤ ባይለው ተናጋሪው ይከፋዋል። በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ገባህ? ገባህ?» የሚለውን ግን እኛ አንወደውም። በተለይ ታናሽ ታላቁን እንዲህ ሲል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛው ዘዴ ዝም ማለት ነው። ቃሉ እስኪመጣ አንድ ትንፋሽ ያህል ብንቆይ ማንም አይሞትም። ሁለተኛው ዘዴ በእጃችሁ ላይ ያለው እርሳስ ነው። ሰው ሲጽፍ «እ...» አይጽፍም። «እንትን» ብሎ ቢጽፍ እንኳ መልሶ ሲያነበው ባዶነቱ ይታየዋል፤ ሰርዞም ስሙን ይተካል። ወደ ክሊኒክ፣ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ቀበሌ ከመሄዳችን በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ቁጥሩን እንጻፍ። 3 ወይም 4 መስመር ይበቃል።

አረጋዊው በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀት ይዘው መጡ እንበል። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፣ መስመሩም ይወላገዳል። እንዲህ ይላል፦

«ላሟ ጥቁር ናት። 4 ወልዳለች። ከሰኞ ጀምሮ አትግጥም። ሌሊት ታስላለች። ሌሎች 2 ጊደሮችም ማሳል ጀምረዋል።»

ሐኪሙ አነበበው። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቦርሳውን አንሥቶ «ጊደሮቹ ከሌሎቹ ጋር ነው የሚያድሩት አባባ?» ብሎ ጠየቀ።