አንድ ኩባያ ስንት ግራም ነው?

ባለፈው ወር የልጄ አራተኛ ዓመት ልደት ነበር። «ዘንድሮ ኬኩን እኔው ራሴ ነኝ የምጋግረው» ብዬ ለቤተሰቡ ሁሉ አውጄያለሁ። አሰራሩ «250 ግራም የፉርኖ ዱቄት» ይላል። ሚዛን ስላልነበረኝ በመለኪያ ጆጉ ላይ 250 የሚለው መስመር እስኪደርስ ዱቄቱን ሞላሁት። እንግዶች ሊመጡ ሁለት ሰዓት ሲቀር ከኦቨን ያወጣሁት ኬክ መሀሉ ሰምጧል። ልጄ ጠጋ ብላ አየችውና «እማ፣ ታሞ ነው?» አለችኝ።

ልደቱ ከኬክ ቤት በተገዛ ኬክ ተከበረ። እኔ ግን ጥፋቴን ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆጉ ላይ ያለው ቁጥር ሚሊ ሊትር ነው፤ ዕቃው የሚይዘውን ቦታ ይለካል። ግራም ደግሞ ክብደት ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ለውሃ ነው፤ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ 250 ግራም ይመዝናል። ዱቄት ግን በመሀሉ አየር ስላለው፣ 250 ሚሊ ሊትሩ ከ130 ግራም ብዙም አይበልጥም። ለካ ኬኬ ያገኘው የሚገባውን ዱቄት ግማሽ ያህል ብቻ ነበር!

እናንተም እንዳትቸገሩ፣ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ በግምት ይህን ያህል ይመዝናል፦

• የፉርኖ ዱቄት፦ ከ120 እስከ 125 ግራም
• ስኳር፦ 200 ግራም
• የምግብ ዘይት፦ 220 ግራም
• የገበታ ቅቤ፦ 225 ግራም
• ወተት፦ 245 ግራም
• ማር፦ 340 ግራም

አንድ የሾርባ ማንኪያ 15፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደግሞ 5 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ኪሎ ስኳር አምስት ኩባያ፣ አንድ ኪሎ ዱቄት ስምንት ኩባያ ገደማ ይሆናል ብላችሁ ያዙት።

ቤታችሁ ያለው ኩባያ ስንት እንደሚይዝ አታውቁም? የግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ገልብጡበት። ውሃው ልክ ሁለት ጊዜ ከሞላው ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል ማለት ነው።

ዱቄት ስትለኩ ኩባያውን ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ አትዛቁ። ዱቄቱ ስለሚታመቅ ከ150 ግራም ሊያልፍ ይችላል። በማንኪያ እየጨመራችሁ ሙሉና አፉን በቢላዋ ጀርባ አስተካክሉት።

እማዬ የገዛሁትን የኩሽና ሚዛን አይታ ሳቀች። «እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በእጄና በዓይኔ ነው የለካሁት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወጥ ግን እየቀመሱ ጨው ይጨምሩለታል፣ ውሃ ያክሉበታል። ኬክ አንዴ ኦቨን ከገባ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

ባለፈው እሁድ በሚዛን ለክቼ በድጋሚ ጋገርኩ። ልጄ ዙሪያውን ዞራ ካየችው በኋላ ፍርዷን ሰጠች፦ «እማ፣ ይሄኛው ድኗል!»