በአቧራው ዳር፤ የሳፋሪ ራሊ ተመልካቾች

አንባቢ ሆይ፤ የእግር ኳስ ግጥሚያ ለማየት ሲሄዱ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ሃያ ሁለቱንም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ ያያሉ። የመኪና ራሊ ግን እንዲህ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተው፥ በብርድ ተንቀጥቅጠው፥ ከግራር ሥር ቆመው ረጅም ሰዓት የጠበቁት መኪና በፊትዎ የሚያልፈው ለአምስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አቧራ ብቻ ነው። «ታዲያ ይህ ምኑ ያስደስታል?» ብለው ቢጠይቁ የሚፈርድብዎ የለም። ነገር ግን በኬንያ አገር፥ በናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ፥ ሳፋሪ ራሊ በሚካሄድበት ሰሞን ቢገኙ በየኮረብታው ላይ የሚያዩት ሕዝብ የጥምቀትን ቀን ያስታውስዎታል።

አስቀድሞ የነገሩን ሥርዓት ልንገርዎ። በራሊ መኪኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው አይፈተለኩም። አንዱ ከሄደ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላው ይለቀቃል፤ ተቃዋሚያቸው ሰዓት ነው። መንገዱ ለሕዝብ ተዘግቶ ፍጥነት የሚለካበት ክፍል አለ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲዛወሩ ደግሞ እንደ ማናችንም የትራፊክን ሕግ ጠብቀው ይነዳሉ። በመኪናው ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ መሪውን ይይዛል፥ ሁለተኛው አስቀድመው መንገዱን እየዞሩ የጻፉትን ማስታወሻ ያነብለታል። ነጂው ከኮረብታው ወዲያ ያለውን ጠምዛዛ ሳያየው የሚገባበት፥ የጓደኛውን ቃል አምኖ ነው። በእኔ ግምት ከሁለቱ ይልቅ ደፋሩ አንባቢው ነው፤ መሪም ፍሬንም በእጁ የለምና።

ሳፋሪ የተጀመረው በ1953 ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አቀርበዋለሁ)። ምክንያቱም የእንግሊዝ ንግሥት የዳግማዊት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን ነበር። በዚያን ጊዜ መኪኖቹ ኬንያን፥ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን አዳርሰው ይዞሩ ነበር። መንገዱም አይዘጋም ነበር፤ ተወዳዳሪው ሲከንፍ የከብት መንጋ፥ የጭነት መኪና፥ ወይም ቀጭኔ ቢያጋጥመው ዕድሉ ነው። በ1954 ያሸነፈችው እኛ ቮልስ የምንላት ፎልክስ ዋገን ነበረች። ፔዦ 404ም አራት ጊዜ አሸንፏል። ሕዝቡ ውድድሩን እንደ ራሱ ጉዳይ የያዘው ስለዚህ ይመስለኛል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ያሸነፈውን ዓይነት መኪና ሰኞ ጧት በመሥሪያ ቤቱ በር ቆሞ ያየዋል።

በ1963 ከ84 መኪኖች እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። በ1968ም ከ93 መኪኖች እንደ ገና 7 ብቻ ደረሱ። በሁለቱም ዓመት የቀደመው ኒክ ኖዊስኪ የተባለው ነጂ ነው፤ መኪናውም ያው ፔዦ 404 ነበር። ጭቃውና ጎርፉ ሌላውን ሁሉ ውጦ አስቀረው። ከሁሉ ይልቅ ግን የኬንያ ሰዎች የሚወዱት የጆጊንደር ሲንግን ታሪክ ነው። ይህ የሲክ ተወላጅ ኬንያዊ በ1965 ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋራ ሆኖ ያሸነፈው፥ ቀድሞ በሌሎች እጅ ባገለገለ ቮልቮ ነበር። ኋላም በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገመ፥ ሠለሰ። «በራሪው ሲክ» እየተባለ እስከ ዛሬ ይወሳል። የአገሩ ልጅ ሼክር ሜታ ግን በቍጥር ይበልጠዋል፤ አምስት ጊዜ አሸንፏል። በናይሮቢ ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጠው «ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» ብለው ቢጠይቁ፥ ሻይዎ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክርክሩ አያልቅም።

ሳፋሪ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ብዙ ዓመት ቆየ። በ2021 ሲመለስ መልኩ ተለውጦ ነበር። የሚለካው መንገድ አጠረ፥ ለሌላ ተላላፊም ተዘጋ፤ ማእከሉም ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ናይቫሻ ሆነች። ስፍራው የስምጥ ሸለቆ ነው፤ የኛን ዝዋይንና ላንጋኖን ያየ ሰው የናይቫሻንና የኤልመንቴይታን ሐይቆች ሲያይ ባዕድነት አይሰማውም። መሬቱ ግን ተንኰለኛ ነው። ከእሳተ ገሞራ የቀረው አፈር ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይልማል፥ ከሥሩም ድንጋይ ይደብቃል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሳሙና ይሆናል። በ2021 የቤልጅጉ ቲዬሪ ኑቪል አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ብልጫ ሲመራ ቆይቶ፥ በመጨረሻው ቀን የኋላ እግሩ አሞርቲዘር ተሰብሮ ድሉን ለፈረንሳዊው ለሴባስቲያን ኦዢዬ ለቀቀ። በሚቀጥለው ዓመት ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት አራቱም ቶዮታዎች ነበሩ። ሱባሩ የሚወዱ ወጣቶች ይህ ሲነሣባቸው በ1997 በሱባሩ ያሸነፈውን ስኮትላንዳዊ ኮሊን ማክሬይን ይጠሩና ይጽናናሉ።

ወደ ራሊ ብቻዎን አይሂዱ። አራት ወይም አምስት ሆነው በአንድ መኪና ቢሄዱ የቤንዚኑ ሒሳብ ይቀልላል፤ ከዚያም በላይ የሚከራከሩት ሰው ያገኛሉ። ከመካከላችሁ አንዱ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር ይያዝ፥ አንዱ ሰዓት ይቍጠር፥ አንዱ ምግቡን ይጠብቅ። ቆሎና ዳቦ ከወጥ ይሻላሉ፤ አቧራው ክዳን አያከብርም። ውሃ፥ ባርኔጣ፥ ለአፍና ለአፍንጫ የሚሆን ነጠላ ጨርቅ፥ ለማለዳውም ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ የሚያደርግ ጓደኛ ካለዎት በጊዜ ይምከሩት።

አሁን ግን ቀልዱን ትቼ የምነግርዎ ነገር አለ፤ የት እንደሚቆሙ ይወቁ። በ1986 በፖርቱጋል ራሊ በሲንትራ አጠገብ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ቆሞ ነበር። መኪናው ሲያልፍ በእጃቸው ሊነኩት የሚሞክሩም ነበሩ። አንድ ነጂ በመንገዱ ላይ ካሉት ሰዎች ለመራቅ ሲል ፎርዱ ከእጁ አምልጦ ተመልካቹ መካከል ገባ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ፥ ከሠላሳ በላይ ቆሰሉ። የታላላቆቹ ፋብሪካዎች ነጂዎችም ውድድሩን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት በኮርሲካ ሄንሪ ቶይቮኔንና ጓደኛው ሰርጂዮ ክሬስቶ በመኪናቸው ውስጥ ሞቱ፤ እነዚያ ኃይለኛ መኪኖችም ለ1987 ከዓለም ሻምፒዮና ታገዱ።

እንግዲህ ከጠምዛዛው በስተ ውጭ በኩል በፍጹም አይቁሙ፤ የሚንሸራተት መኪና የሚወረወረው ወደዚያ ነውና። ከመንገዱ ከፍ ያለ ስፍራ ይምረጡ፤ ከጀርባዎ የሚሸሹበት ክፍት ቦታ ይኑር፤ ገደል ወይም እሾህ አይሁን። መኪና በሚመጣበት ጊዜ አይቀመጡ፥ በካሜራ መስተዋትም ብቻ አይዩ። ጠባቂው ፊሽካ ነፍቶ «ወደ ኋላ!» ሲል ከጓደኞችዎ አንዱ «አይዞህ፥ ምንም አይሆንም» ቢልዎ፥ እርሱን ትተው ጠባቂውን ይስሙ። የጓደኛዎንም እጅ ይዘው ይጎትቱት፤ ቢቈጣም ማታ ይታረቃል።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። አስቀድሞ የሄሊኮፕተር ድምፅ ይሰማል። ዜሮ ቍጥር የተጻፈባቸው መኪኖች መንገዱ ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ ያልፋሉ፤ አዲስ የመጣ ተመልካች ውድድሩ የተጀመረ መስሎት ያጨበጭባል፥ የቈዩትም ይስቃሉ። ጥቂት ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ ከኮረብታው ወዲያ እንደ ሽመል ፍንጭት ያለ አጭር ድምፅ ይመጣል፤ ነጂው ነዳጁን ሲለቅ ከጭስ ማውጫው የሚፈነዳው ነው። ወሬ ሁሉ ይቆማል። አቧራው ከግራሮቹ በላይ ሲነሣ ይታያል፥ መኪናው ይወጣል፥ ጎኑን ሰጥቶ ይዞራል፥ ጠጠሩ ይረጫል፥ ሄደ! ሰዓት የያዘው ጓደኛዎ ቁጥሩን ይጮኻል፤ ሁለተኛው እስኪመጣም ጭቅጭቁ ይጀመራል፤ «ፍሬን ቶሎ ያዘ» የሚል አለ፥ «አልያዘም» የሚል አለ። ራሳቸው ከቢስክሌት በቀር ነድተው የማያውቁት በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ከሁሉ ይበልጣል።

የዓለሙ ዝነኞች ካለፉ ብዙ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ መንገዱ ይሮጣል፤ ወደ ናይሮቢ የሚመለሰው ሰልፍ ረጅም ነውና ቀድሞ ለመውጣት ይመኛል። እርስዎ ግን ይቈዩ። ከኋላ የሚመጡት የአገሬው ነጂዎች ናቸው፤ መኪናቸው ያረጀ፥ ጠጋኙ የሰፈር መካኒክ፥ ገንዘቡም ከዘመድና ከወዳጅ የተለቀመ ነው። መንገዱን የፊተኞቹ ስለ ቆፈሩት የሚነዱት በከፋው ላይ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የፊት መብራቱ ወልቆ፥ በሩ በገመድ ታስሮ ሲያልፍ፥ በኮረብታው ላይ የቀሩት ልጆች ስሙን እየጠሩ ከጎኑ በሩቁ ይሮጣሉ፤ እርሱም በመስኮት እጁን አውጥቶ ያወዛውዝላቸዋል።