ዛፍ የጫነች ሞተር

የቬትናሞች አዲስ ዓመት፣ ቴት፣ ሲቃረብ በሃኖይ ጎዳናዎች ዛፍ ይጋልባል። ብርቱካን መሰል ጥቃቅን ፍሬ ያንዠረገገ ዛፍ ከነማሰሮው ከሞተረኛው ጀርባ ይታሰርና፣ ቅርንጫፉ ሄልሜቱን እየዳበሰ በመኪኖች መሐል ሽው ይላል። ከኋላ ለሚያየው ነጂ የለም፤ ዛፉ ብቻውን ይሄዳል።

እንዴት አይወድቅም? ሞተሯ ወደ ግራ ማዘንበል ስትጀምር ነጂው መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ያዞራል፤ ጎማዎቹም ተመልሰው ከክብደቱ ሥር ይገባሉ። ሚዛን መጠበቅ ይህንኑ ሳያቋርጡ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ቁመት እንደምናስበው ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። በመዳፍዎ ላይ መጀመሪያ እርሳስ፣ ቀጥሎ የመጥረጊያ እንጨት አቁመው ይሞክሩ። እርሳሱ ወዲያው ይወድቃል፤ ረጅሙ እንጨት ግን ቀስ ብሎ ስለሚያዘነብል እጅዎ ይደርስበታል። ግራና ቀኝ የተዘረጋ ጭነትም እንዲሁ ነው፤ በገመድ ላይ የሚሄድ ሰው ረጅም ዘንግ የሚይዘው ለዚሁ ነው። የቁመት ዕዳ የሚመጣው ሞተሯ ስትቆም ነው። ያን ጊዜ ያን ሁሉ ክብደት እንዳይወድቅ የሚይዘው የነጂው እግር ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ወደ ኋላ የወጣ ጭነት ነው። በሁለቱ ጎማዎቿ መካከል 1.2 ሜትር ያህል ርቀት ባላት ሞተር ላይ 60 ኪሎ ጆንያ ከኋላ ጎማ መሐል 30 ሴንቲ ሜትር አልፎ ቢቀመጥ፣ ከፊት ጎማ ላይ 15 ኪሎ ያህል ያነሳል። ያው ጆንያ ወደ ኮርቻው ቢጠጋ ግን የክብደቱ ከፊል የፊቱን ጎማ ይጫነዋል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው ይዋልላል፤ ዳገት ላይ ጭራሽ ከመሬት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ስንት ኪሎ እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት የት እንደተቀመጠ መጠየቅ ይገባል።

ፍጥነት በሰዓት ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊት የሚገፋው አየርም እንደዚያው። ስለዚህ ሰፊ ፍራሽ የጫነ ሰው ጭነቱ ቀላል ነው ብሎ አይዘናጋ።

ጭነት ታስቦ የተሠራች ሞተርም አለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣችው ሆንዳ ሱፐር ከብ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የላትም፤ በጃፓን ሶባ ኑድል የሚያደርስ ሰው በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በሌላው እንዲነዳት ታስቦ ነው። እስከ 2017 ድረስ 100 ሚሊዮን ተመርታለች።

የጭነቱ ዓይነትና ማሰሪያውም ለውጥ ያመጣሉ። ግማሽ ጀሪካን ውሃ ከሙሉው ይልቅ ያስቸግራል፤ ሞተሯ በተዘነበለች ቁጥር ውሃው ወደዚያው ይሮጣል። ማሰሪያው ደግሞ ከገመድ ይልቅ ከጎማ ከመነዳሪ የተቀደደ ቁራጭ ቢሆን ይሻላል። በጉድጓድ መንገድ ጆንያው ሲሰምጥ ገመድ ይላላል፤ ከመነዳሪው ግን ተስቦ ስለታሰረ እየተሰበሰበ ያጠብቀዋል።